ለጋሼ ታምራት ሳልነግራቸው

እስካሁን አላምንም። ጠዋት ከንፋስ መውጫ ተደውሎ «ጋሼ ታምራት አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ታምራት?» አልኩ። እያወቅሁ።

ለማታውቋቸው፦ በጃንሆይ ዘመን ጋይንት ውስጥ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ ማለት ነው፤ ለእኛ ግን ሐኪም ማለት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

መድኃኒት ለጨረሰ ሁሉ አሬራ ያዛሉ። «ሆድም ማሳ ነው። መድኃኒቱ አረሙን ሲነቅል ሰብሉንም ይዞት ይሄዳል፤ መልሳችሁ ዝሩበት» ይላሉ። አንዴ በሁዳዴ ጾም ለአንድ በሽተኛ አዝዘው አገር ጉድ አለ። እሳቸው ምን ገዷቸው፣ የበሽተኛው ንስሐ አባት ቤት ድረስ ሄደው አስፈቅደው መጡ።

ዛሬ ልጄ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምታጠናው ይህንኑ ነው፤ ሆዳችን ውስጥ ያሉት ደግ ተሕዋስያን፣ መድኃኒት የማይበግራቸውን ጀርሞች እንዴት እንደሚያሸንፉ። ባለፈው ወር በስልክ ስነግራቸው ሳቁ። «አሬራዬ ዩኒቨርሲቲ ገባች በይኛ!»

ሊዘጉ ሲሉ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የእናትሽን ነገር ይቅር በይኝ።»

«ኧረ ጋሼ» ብቻ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴን ተስቦ ያዛት። ጋሼ ካፕሱል ሰጧትና «የቀረችው ፍሬ ናት የምትገድል፤ ሁሉንም ጨርሺ» አሏት። በአራተኛው ቀን ተሽሏት ተነሣች። ያን ጊዜ ጎረቤታችን በትኩሳት ወደቀች። እናቴ «እሷ እያቃሰተች እኔ ድኜ ልዋጥ? ነውር አይደል?» ብላ ቀሪውን በጨርቅ ቋጥራ በእኔ ላከችላት። አገራችን እንዲህ ነው፤ ያለውን ያካፍላል፣ መድኃኒትም ቢሆን።

ተስቦው አገርሽቶ መጣ። ያው ካፕሱል ድጋሚ ቢሰጣት አልመለሰውም። እናቴ ሞተች። ጎረቤታችንም ብዙ አልቆየችም።

ለቅሶው ላይ ጋሼ አባቴን «ጨርሳው ነበር?» አሉት። አባቴ የሚያውቀው ነገር የለም፤ «አዎ» አለ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያ አሳንሼ ሰጥቻታለሁ። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየበሽተኛው ቤት በእግራቸው እየሄዱ፣ ሲዋጥ በዓይናቸው ካላዩ አይመለሱም ነበር።

ጋሼ፣ አላሳነሱም። የሰጡት ልክ ነበር። ቀሪውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዎን ሙሉ የእኔን ሸክም ተሸክመው ኖሩ። አሁን እዚሁ ለእኔ ይተዉትና፣ እጅዎ ንጹሕ ሆኖ ይሂዱ።