የአባቴ አልጋ ራስጌና ግርጌ

ፋርማሲስት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራት አይደለም፤ የሞኝነቴ ልክ እንዲታወቅ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ መድኃኒት ከእጄ የሚቀበል ሰው ሁሉ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ ሳይደግምልኝ አይወጣም። እኔ ግን የተነገረኝን አንድ ጊዜም በቅጡ አልሰማም።

አባቴ ዕድሜያቸውን በቅዳሴ የጨረሱ ቄስ ናቸው። ከጋፋት ሲመለሱ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ከዳቸውና አልጋ ላይ ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ግራ ዳሌያቸው ላይ የአልጋ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ በኋላ የአውራ ጣቴን ጫፍ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆነ። እንዲህ ያለው ቁስል አጥንት ድረስ ዘልቆ ሰው እንደሚገድል አውቃለሁ። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ አነባለሁ።

ስልኬ ላይ ሳነብ፣ ለሚጥል በሽታ የምንሰጠውን ፌኒቶይን አድቅቀው እንዲህ ባለ ቁስል ላይ እየነሰነሱ የሚሞክሩ ሐኪሞች እንዳሉ አገኘሁ። መደርደሪያዬ ላይ ያለ መድኃኒት ነው፤ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሐኪማቸውን ሳማክረው፣ «ገና ሙከራ ላይ ነው፤ እየተከታተልን ልናየው እንችላለን። ዋናው ነገር ግን በግራ ጎናቸው አታስተኟቸው፣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧቸው» አለኝ። «እንችላለን» ካለ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከቅዳሴ በኋላ እንደሚነገር ማስታወቂያ ነው።

ጠዋትና ማታ ቁስሉን አጥባለሁ፣ ዱቄቱን እነሰንሳለሁ፣ በፋሻ እሸፍናለሁ፣ በማስመሪያ ለክቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ በቀኝ ጎናቸው አስተኝቻቸው እወጣለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ሙከራ ላይ ነን» እላለሁ። ልፋቴ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ፤ ቁስሉ ጭራሽ ሰፋ። ዱቄቱን ጠረጠርኩ፣ ፋሻውን ጠረጠርኩ፣ የእናቴን እጅ ጠርጥሬ በሳሙና አስታጠብኳት።

አንድ ቀን ጠዋት የፋርማሲውን ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በቀኝ አስተኝቻቸው የሄድኩት አባቴ በግራ ዳሌያቸው፣ እዚያው ቁስሉ ላይ ተኝተው ዳዊት ይደግማሉ። እናቴ ጀርባቸውን በትራስ ትደግፋለች።

«ማን ገለበጣቸው?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ። «አንተ በወጣህ ቁጥር እመልሳቸዋለሁ። እሳቸው ናቸው የሚያዙኝ።»

አባቴ ዳዊታቸውን ዘጉ። «ጀርባዬን ለታቦቱ ሰጥቼ ልጸልይ እንዴ፣ ልጄ?»

ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን በስተምሥራቅ ነው። በግራ ሲተኙ ፊታቸው ወደዚያ ይሆናል፤ በቀኝ ሲተኙ የሚያዩት የምዕራቡን ግድግዳ ነው። ቁስሉስ ግራ ዳሌ ላይ የወጣው ለምን ሆነና? ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

«አባዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? አንተ የምታወራልኝ ስለ ዱቄቱ ነው። ደግሞ ስትደክምልኝ ሳይህ፣ አልሠራም ብዬ ሞራልህን መስበር አሳዘነኝ።»

አፈርኩ። እኔ እሳቸውን የማክም መስሎኝ ሳለ፣ የሚታመሙትም የሚያስታምሙትም እሳቸው ነበሩ።

«እሳቸው አይዞሩም ካሉ አልጋው ይዙራ» አለች እናቴ። እሷ በግርጌ እኔ በራስጌ ይዘን፣ አባቴን እንደተኙ አልጋውን አዞርነው። ራስጌው ግርጌ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ ፊታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ በጀርባቸው እናደርጋቸዋለን። ዱቄቱን በዚያው ሳምንት አቆምኩ። ቁስሉ ቀስ እያለ ከሥሩ ሞላ፣ በወራት ውስጥም ደረቀ።

ዛሬ ጠያቂ ሲመጣ አባቴ «ልጄ በመድኃኒቱ አዳነኝ» ይላሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አላርማቸውም፤ አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ፊታቸው ከታቦቱ ሳይዞር ጎናቸውን እንዲቀያይሩ፣ ሌላውም ዳሌ እንዳይቆስል፣ አልጋው አሁንም ጠዋትና ማታ ይዞራል። ሰዓቱ ሲደርስ እናቴ እንግዳው ፊት ግርጌውን ይዛ ትጠራኛለች።

«በል ባለመድኃኒት፣ በዚያ በኩል አንሣ።»