ቁጥር የተጻፈበት ምግብ

የአባቴ ስኳር በሽታ የጀመረው በውሃ ጥም ነበር። አንድ ጆግ ውሃ ጨርሶ ሌላ ያስቀዳ ነበር፤ እኛም ሙቀቱ ነው እያልን እንስቅበት ነበር። በኋላ አንድ እግሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ስለዚህ አምና እዚህ ሶዶ ለምርመራ ሄጄ ሐኪሟ "ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ክብደት ይቀንሱ፤ ካልሆነ መድኃኒት እንጀምራለን" ስትለኝ፣ ቀሪውን ምክሯን አልሰማሁም። ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሁሉ እግሬን ነበር የማየው።

ሥራዬ የተማሪዎችን ውጤት መመዝገብ ነው። ቁጥር ከሌለው ነገር ጋር አልግባባም። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩ። የበላሁትን ስጽፍለት ለቀኑ ስንት እንደቀረኝ ይነግረኛል። "ቦሎቄ በጎመን" ብዬ ብጽፍለት አላገኘውም። ጎደሬም ቆጮም የሉም። ቢኖሩስ? ቤታችን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ከወዲያ ከወዲህ ሲቆርሱ የእኔ ድርሻ የት ጋ እንደሚያልቅ በምን አውቃለሁ? ሁለት ቀን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ ቆጠርኩ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ "ቆይ፣ አሥራ አራት ደርሻለሁ" አልኩት። ጉርሻውን መልሶ ራሱ በላው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አላጎረሰኝም።

መፍትሔውን ሱቅ አገኘሁት። የብስኩት ማሸጊያ ጀርባው ላይ ካሎሪው ተጽፏል። ቁርስ አንድ እሽግ፣ ምሳ ሁለት እሽግ ከሻይ ጋር፣ ማታ ደግሞ በቀረኝ ቁጥር ልክ። ካሎሪ ያው ካሎሪ ነው፣ ከየትም ይምጣ አልኩ። ጓሮዬ ጎመን እያለ ከሱቅ ብስኩት መሸከም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ግን ያኔ ፍርሃቴ ጋብ ያለልኝ መስሎኝ ነበር።

እናቴ የምትኖረው አረካ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። ብስኩት በጀመርኩ ሰሞንም የተቀቀለ ጎደሬና ቦሎቄ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ከቦሎቄው በዳጣ አጥቅሳ ወደ አፌ ዘረጋች። ፊቴን አዞርኩ።

"እማዬ፣ ይሄ ቁጥር የለውም" አልኳት በወላይትኛ።

ብስኩቱን አውጥቼ ጀርባውን አሳየኋት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጣቷን ጽሑፉ ላይ ቀስ ብላ አስኬደችው።

"አባትሽ ይሄን ቢያውቅ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር?"

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። የተማርኩ ልጇ ነኝና አላውቅም ማለት ከበደኝ። "ምናልባት" አልኳት። ያመጣችውን መልሳ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ሦስቱ ወር በርሃብ አለፈ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ውጤት ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ላይ እጮሃለሁ። ቤት ስገባ ማንም ሳያየኝ ቆሜ ዳቦ እገምጣለሁ፤ እሱን አፑ ላይ አልጽፍም። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ሆኖም ቀነስኩ፤ አራት ኪሎ። ሐኪሟ ዘንድ የሄድኩት ደረጃ እንደወጣ ተማሪ ኮርቼ ነበር።

የደም ውጤቱን አይታ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። ስኳሬ አልወረደም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ምን እንደምበላ ስትጠይቀኝ ስልኬን ሰጠኋት። እየገለጠች ቆየች።

"ቁጥሩ ልክ ነው፤ ኪሎው የቀነሰውም ለዚህ ነው" አለች። "ግን እዚህ ውስጥ ምግቡ የታለ? ይሄ ዱቄትና ስኳር ነው። ወዲያው ደም ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው ደግሞ ያስርብዎታል። በዚሁ ካሎሪ ቦሎቄ በጎመን ቢበሉ እስከ ማታ ያቆይዎት ነበር። ወላይታ ተቀምጠው ቦሎቄ አጡ?"

አፈርኩ። ሌላ ሦስት ወር ሰጠችኝ።

እናቴ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አልመጣችም። ስደውልላት ደህና ነኝ ብቻ ነበር መልሷ፤ ተቀይማለች ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ከሐኪሟ በወጣሁ ማግስት ይቅርታ ልጠይቃት አረካ ሄድኩ። ጓሮዋ ውስጥ ጎመኑ ሳይቀነጠስ አብቧል። ይሄ የእናቴ ጓሮ አይመስልም፤ ደነገጥኩ። ስገባ ዓይኗን ጨፍና እየጸለየች ነበር። ፊት ለፊቷ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ እሽግ ብስኩት አለ።

"ምሳሽ ይሄ ነው?"

"ካሳየሽኝ ቀን ጀምሮ" አለች። "እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ። የአባትሽን ቁስል ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ጎረቤቴ ታነብልኛለች፤ አላሳልፍም።"

አልጋዋ ሥር በካርቶን ደርድራዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን የፈራሁትን ራሴ ተሸክሜ እናቴ ቤት አስገባሁት። ተሳስቼ እንደነበር ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ታዲያ ምን እንብላ?" ብቻ አለችኝ።

ጓሮ ወጥቼ ጎመን ቀነጠስኩ፣ ቦሎቄ ጣድኩ። ሲበስል በእጄ አጎረስኳት። አላምጣ ዋጠችና "ቁጥሩስ?" ብላ ፈገግ አለች። ልስቅ ስል ባዶ ብርጭቆዋን ዘረጋችልኝ። ከመጣሁ ወዲህ ስቀዳላት አራተኛዬ ነበር።

"ሰሞኑን ውሃ ውሃ ይለኛል" አለች፤ "ሙቀቱ ነው መሰለኝ።"