ለአባቴ ያልነገርኳቸው ሥራ

ታናሽ እህቴ የደወለችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ጀሪካን እሞላ ነበር። እሷ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት ጎንደር፣ ወላጆቻችን ቤት ገብታለች። የትምህርት ክፍል ምርጫዋን እስከ ሰኞ መሙላት አለባት።

«እትዬ፣ ፊዚክስን አንደኛ ልሞላ ነው። ከዚያ በማስተርስ እንዳንቺ አስትሮኖሚ።»

«ማን መከረሽ?»

«አባባ ናቸዋ! ‹ትልቋ ልጄ ከከዋክብት ጋር ነው የምትውለው› እያሉ ደብሩን ሁሉ አሰልችተውታል።»

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ቁጥር፣ በጣታቸው ቆጥረው ያወጣሉ። አስትሮኖሚ ልማር ስል ከቤቱ ያልተቃወሙኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሥራ የያዝኩ ሰሞን «ሰማዩን ትመለከቻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «እመለከታለሁ፣ አባባ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አላረምኩ።

ትምህርቱ ራሱ ከሰማይ የራቀ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መምህራችን «ኮከብ ለማየት የመጣ ካለ በረንዳው ያውላችሁ» አሉን፤ ሳቅን። ማስተርሱን የጨረስነው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌሎች በሩቅ አገር ያነሱትን ምስል እየተቀበልን የኮከቡን ብርሃን ከመሣሪያው ጉድፍ እንለያለን። ከስንዴ ላይ እንክርዳድ እንደ መልቀም ያለ ሥራ ነው። ወደድኩት።

ስንመረቅ ተበታተንን። አንዱ ለዶክትሬት ውጭ ሄደ። አንዱ ባንክ ገብቶ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆነ። አንዷ እዚሁ አቃቂ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ስንገናኝ «እኛ ፍጥነትን እንኳ አልጨረስንም፣ አንቺ ጋላክሲ ትያለሽ» ትለኛለች። እኔ ከሳተላይት የተነሣ ምስል የሚያጠና ቢሮ ተቀጠርኩ። ያው ለቀማ ነው፤ ካሜራው ግን ቁልቁል ነው የሚያየው። ኮዬ ፈጬ ላይ እርሻ የነበረው ምን ያህሉ ጣሪያ እንደሆነ እለካለሁ። ጠዋት በሰርቪስ እሄዳለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ቀና ብዬ የማየው ዝናብ የመጣ እንደሆነ ነው።

ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለአባትሽ ንገሪያቸው እንጂ» አሉኝ። እሺ ብዬ አቆየሁት።

ያን ቅዳሜ ግን ጉዳዩ የእኔ ብቻ አልነበረም። ልጅቷ እኔ ዝም ባልኩት ነገር ላይ ተመርኩዛ ፎርም ልትሞላ ነው። ቧንቧውን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«ውይ! ከዋክብቱስ ታዲያ?»

«የሉም።»

«እኔማ አልነግራቸውም። ራስሽ ተወጪው» አለችና ስልኩን ለአባባ አቀበለቻቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እኔ እኮ ለቄሰ ገበዙ ሳይቀር ተናግሬያለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ትምህርቱንስ ወደሽው ነበር?»

«በጣም፣ አባባ።»

«እሱንም ንገሪያት። አንዱን ወገን ብቻ ሰምታ አትሙላ።»

ስልኩን መልሳ ስትቀበል እሱንም ነገርኳት፤ የመማሩን ደስታ፣ የሥራውን ጥበት፣ ብዙው ሰው በተማረው እንዳልዋለ። ለአንዱም አላደላሁም፤ እንዲያ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ፣ ፊዚክስን ሁለተኛ ሞልታለች።

«ኮምፒውተሩ የትም ያበላል ብዬ ነው። አንቺስ በሱ አይደል የምትበይው?»

ልክ ነበረች። «ጥሩ አድርገሻል፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቅር ሲለኝ ታወቀኝ። ፊዚክስን አንደኛ እንድትሞላ እፈልግ ነበር ለካ።