አላስነካም እና ስማቸው የጠፋው ለጋሾች

የደም ባንኩ ሠራተኞች ሁሉ «አላስነካም» ይሏታል። ከጀርባዋ ነው እንጂ ፊት ለፊትስ «እትዬ» ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣችው ራሷ ነች ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈ ቁጥር አንዱ ልርዳሽ ብሎ ጠጋ ሲል፣ «ተው፣ አላስነካም» ትለዋለች። የደም ለጋሾቹን መረጃ የያዘውን ዳታቤዝ ከሥር ከመሠረቱ የገነባችው እሷ ናት። የይለፍ ቃሉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ክፉ ሴት ግን አይደለችም። የታመመ ትጠይቃለች፣ ምሳዋን ታካፍላለች፣ ልጅ ላስቸገራት ነርስ የሥራ ተራ ታስለውጥላታለች። ብቻ አንዴ የያዘችውን ነገር መልቀቅ አይሆንላትም።

ዳታቤዙ የሚቀመጠው በባንኩ ግቢ ሳይሆን ክላውድ የሚባለውን በኢንተርኔት የሚገኝ የመረጃ ማከማቻ በሚያከራይ አንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነበር። ድርጅቱ፣ ቤቴን ላፈርስ ነውና ዕቃችሁን አውጡ እንደሚል አከራይ፣ አገልግሎቱን በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ። እስከዚያ ወደ ሌላ ሰርቨር ያልተዛወረ መረጃ ይጠፋል። የባንኩ ኃላፊ፣ ሐኪም ናቸው፣ ይህን ሲሰሙ ከሌላ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ በውሰት አመጡላት። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሲራመድም ሲናገርም አይቸኩልም። ነርሶቹ ብዙም ሳይቆዩ «ቀስ በቀስ» አሉት።

አላስነካም ደስ አላላትም። ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ጥግ ላይ ወንበር ሰጠችውና ዝውውሩን ብቻዋን ተያያዘችው። እሱም አልተቀየመም። ሥራ ካላካፈልሽኝ የጨረስሽውን ልመልከትልሽ አላትና ወደ አዲሱ ሰርቨር የገባውን እየከፈተ ማየት ጀመረ።

አንድ ረፋድ ላይ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የጎደለ መዝገብ የለም። ግን እስቲ ይኼን እዪው።»

የደም ዓይነቱ አለ፤ ስልክ ቁጥሩም አለ። ስም መሆን በነበረበት ቦታ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። ሌላ ከፈተ፤ ያው ነው። አሮጌውን ሰርቨር ከፈተች፤ እዚያም ያው ነው። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት መረጃውን ከመጀመሪያው የቢሮ ኮምፒውተር ወደ ክላውድ ያወጣችው እሷ ነበረች፤ ብቻዋን። ቁጥሮቹ በደህና ሲያልፉ ፊደሎቹ ተበላሽተዋል። ስማቸው የጠፋው መምጣት ያቆሙ የድሮ ለጋሾች ስለነበሩ መዝገባቸውን የከፈተ አልነበረም። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ተጥሎ ከርሟል።

«ቀስ በቀስ» አልወቀሳትም፤ ስም የጠፋባቸውን መዝገቦች መቁጠር ጀመረ። ይኼ ከወቀሳ ይልቅ ከበዳት።

ተነሥታ ለሐኪሙ ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ እነዚህ መምጣት ያቆሙ ለጋሾች ናቸው፣ ተያቸውና ዝውውሩን ጨርሺ አሏት። እሷ ግን ከእነዚህ ውስጥ ደማቸው በቀላሉ የማይገኝ ሰዎች እንዳሉ፣ ነገ አንዲት ወላድ ደም ቢፈስሳት ማን ብለው እንደሚጠሩ ጠየቀቻቸው። ሐኪሙ ፈቀዱላት። ያላት አማራጭ እየደወሉ ስም መጠየቅ ብቻ ነበር። ይህን ስታደርግ ደግሞ ዝውውሩን ሌላ ሰው መሥራት አለበት።

ወደ ጥጉ ሄደች። «ዝውውሩን አንተ ጨርሰው» አለችው። «የይለፍ ቃሉን ልንገርህ።»

«አላስነካም እንዳይሆን ብቻ» አለ።

ነርሶቹ ደንግጠው ተያዩ። እሷ ግን ሳቀች። «እንደምትሉኝ መች አጣሁት» አለችና ወንበሯን ለቀቀችለት።

ሁለት ነርሶች አገዟትና መደወል ጀመሩ። ገሚሱ አጭበርባሪ ናችሁ ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘጋ። አንድ ሽማግሌ፣ ስልኬንም ደሜንም አውቃችሁ ስሜን እንዴት ሳታችሁት ብለው ሲስቁ ቆዩ። አንዲት ሴት ባሏ ማረፉን ተናገረች፤ ሆኖም ስሙ በስህተት እንዳይጻፍ ፊደል በፊደል አስጻፈች።

ከቁጥሮቹ መካከል አንዱን አላስነካም ገና ስታየው አወቀችው። የታናሽ ወንድሟ ነው። ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። እናታቸው ስትታመም እሱ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ብሎ ለመናት፤ እሷ እናቴንማ ለማንም አልሰጥም አለች፤ እናታቸውም እሷ ቤት አረፈች። እሱ በለቀስተኛ ፊት፣ ሞቷን እንኳ ለብቻሽ አደረግሽው አላት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ቁጥሩን ወደ መጨረሻ ገፋችው። ሌሎቹ ሲያልቁ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስልኩን ይዛ ደረጃው ላይ ወጣች።

«ከደም ባንክ ነው የምደውለው» አለች።

ወንድሟ አላስጨረሳትም። «እታለም፣ ድምፅሽን የረሳሁ መሰለሽ?»

«መዝገባችን ላይ ስምህ ጠፍቶ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ሳላስነካ መረጃውን ብቻዬን ሳዛውር።»

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ ለማያውቀው ጸሐፊ እንደሚነግር ነገራት። እሷም እየሰማች ጻፈችው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠች።

«እማዬን ልውሰዳት ስትለኝ ልሰጥህ ይገባ ነበር» አለች። «አንተም ልጇ ነበርክ።»

«እኔም በለቀስተኛ ፊት መናገር አልነበረብኝም» አለ። ከዚያም ደሙ አሁንም ይፈለግ እንደሆነ ጠየቃት። እንዴት አይፈለግ፣ አለችው።

ዝውውሩ አሮጌው አገልግሎት ከመዘጋቱ በፊት አለቀ። ስልካቸው ያልሠራና አናምንም ብለው የዘጉ ለጋሾች ስም ሳይገኝ ቀረ፤ «ቀስ በቀስ» ለብቻ ምልክት አድርጎባቸው አዛወራቸው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ እንዳይሄድ ሐኪሙን የለመነችው እሷ ነበረች፤ አልሆነላትም። ስለዚህ አንዷን ነርስ አጠገቧ አስቀምጣ ታስተምር ጀመር። ቶሎ ትቆጣለች፤ ግን ታስተምራለች።

ወንድሟ አንድ ሐሙስ መጣ። መርፌ ይፈራል፤ ነርሷ ክንዱ ላይ ደም ሥር ስትፈልግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደሙን ሰጥቶ፣ ጭማቂውን ጠጥቶ፣ እንደ ሌሎቹ መሄድ ሲችል አልሄደም። እሷ ሥራ እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ ጠበቃት። ወደ ታክሲው ሲሄዱ እናታቸው አብዝታ ትቆጣ የነበረው ማንን እንደሆነ እየተከራከሩ ነበር፤ ሁለቱም «እኔን» ባዮች ነበሩ።