ከነጩ ሥር የነበረው ቀለም

የመኪና ቀለም በውሃ ሲፋቅ የራሱ ሽታ አለው፤ እርጥብ ጠመኔ ከብረት ጋር የተቀላቀለ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ሮክቪል ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ ሸተተኝና እግሬ ቆመ።

ያኔ እኔና እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንዲት ክፍል አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። ክሪስታል ሲቲ ባለ ሆቴል ቀንና ማታ እየሠራች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልታገባ ነበር፤ ለሠርጓም አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ነጭ መኪና። አጎታችን አሌክሳንድሪያ ቦዲ ሾፕ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ከአንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ የገዙት፣ እንደ ጀልባ የረዘመ በ1960ዎቹ የተሠራ መኪና ነበራቸው። ነጭ ቢሆንም ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። «እንደገና ነጭ ቀብቼ እኔው እነዳልሻለሁ» ብለው ቃል ገቡላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ላግዛቸው እሄድ ነበር። በሃያ አራት ዓመቴ በአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገና ሃይስኩል ልጨርስ የምታገል ነበርኩና «ምሁሯ» ይሉኛል። «ምሁሯ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን እያረጠብሽ! መጽሐፍ እንደምትገልጪ፣ ቀስ ብለሽ!»

በሩን ስፍቅ ነጩ ሳሳና ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ አለ። ሰማያዊ እንዳልለው አረንጓዴ አለው፤ አረንጓዴም እንዳልለው አይደለም። ጠዋት ፀሐይ የገባበት የሐይቅ ዳርቻ ውሃ ነው። እጄ ቆመ። አጎቴ መጥተው አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«የፋብሪካው ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያኔ መኪና እንደ ቀሚስ ነበር የሚታዘዘው። ገላው ይሄ ይሁን፣ ጣራው ነጭ፣ ራዲዮ ይግባለት፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው መስኮት ሳይቀር ወደ ታች ይውረድ… ይባላል፤ እንደ ትእዛዙ ይሠራል።»

ጣራው ጥንትም ነጭ ነበር። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መስመር በጣቴ ተከተልኩት፤ እኔ በማስመሪያ እንኳ እንዲያ ቀጥ ያለ አስምሬ አላውቅም። ሳልወለድ አንድ ሰው ከስንቱ ቀለም መካከል ይህንን ወደደ፤ ሌላው መጥቶ ሸፈነው፤ ቀለሙ ግን ሳይደበዝዝ ቆየ። ቤተ መቅደስ ደጃፍ እንደሚቆም ሰው ቆምኩ።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ ነጩን ቀለም መክፈት አቃታቸው። «እንዴት ብዬ ልሸፍነው? አንቺው ንገሪያት» አሉኝ።

እህቴ ስትሰማ የሚታጠፈውን ስልኬን ከጆሮዬ እስካርቅ ጮኸች። «ሙሽራ በአረንጓዴ መኪና? የባሌ ዘመዶች ከዳላስ ድረስ መጥተው ይሳቁብኝ? ጋሼ ካልቀቡት ሊሞ ቡክ አደርጋለሁ፣ በቃ!»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ ቁጣዋን ይዛ መጣች። አጎቴ ነጩን ከጣራው በታች በሙሉ አስለቅቀው፣ ሰም ቀብተው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተውት ነበር። አንድ ጊዜ ዞረችው። ደገመች። የነጠላዋ ጥለት ኮፈኑ ላይ እንደ መስታወት እየታየ ይንቀሳቀሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ እዚያው ሥር ነበር?»

«እዚያው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን? ማንም ሳያየው?»

«ማንም ሳያየው።»

መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። «እንዳትነኩት» አለች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን እየጠረገች፣ «የሳቀብኝን ሰው ግን ወደ እናንተ ነው የምልከው!»

የሳቀባት አልነበረም። የሙሽራው አባት እንኳ ከሙሽሮቹ ይልቅ ከመኪናው ጋር ፎቶ ሲነሡ ዋሉ።

ኑሮዋ ዳላስ ሆነ። የምትሄድ ዕለት አጎቴ በዚያው መኪና ወደ ኤርፖርት ወሰዷቸው፤ እኔ ፈተና ስለነበረብኝ ከደጃችን ነው የተሰናበትኳት። መኪናው ገና ሲነሣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው መስታወት ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ እህቴ ወደ እኔ ዞራ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቷን አወጣች።

«ቁርስ ሳትበዪ ክላስ እንዳትሄጂ! ሰማሽ?»

እጄን አነሣሁላት። ጆርጂያ አቬኑ በብርማና በጥቁር በነጭም መኪና ተሞልቶ ነበር። የአጎቴም መኪና ነጭ ቢሆን ኖሮ ገና መጀመሪያው መብራት ላይ ይጠፋብኝ ነበር። ያ ቀለም ግን በሁሉም መካከል እየራቀ፣ እያነሰ፣ የጣት ጫፍ እስኪያክል ድረስ ታየኝ።