ጀልባው ይሸጥ ያለችው ቢፍቱ

ቢፍቱን የማያውቅ ሰው ዛሬ ቢያያት ሁሉ ነገር የሞላላት ሴት ናት ይላል። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ በር የሷ ነው። ጠዋት ልጇን የአብስራን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች፣ ባሏ ጂራታ ወደ ብየዳ ቤቱ ይሄዳል፣ እሷ ደጇን ጠርጋ እኔ ጋ መጥታ የለስላሳ ሳጥን ላይ ትቀመጣለች። ባል አላት፣ ልጅ አላት፣ የራሷ ቤት አላት። «ምን ጎደለሽ?» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እኔ ዙለይኻ ነገር በሆዴ አላሳድርም። ከስልጤ መጥቼ አቃቂ ላይ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ያየሁትን ሁሉ ፊት ለፊት እናገራለሁ፣ የወደደ ይውደደኝ። የቢፍቱን ነገር ሳወራ ግን እናደድና የምናደድበት ሰው አጣለሁ።

ጂራታ የዚሁ የአቃቂ ልጅ ነው። አባቱ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሞበታል። እሱ ገና በጎረምሳነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ወረደ። ባሕሩ የሌላ አገር ሲሆን ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ብየዳ ተማረ፣ የመስኮት ፍርግርግና የግቢ በር እየሠራ ኖረ። ከሰው አይጣላም፣ ከሰውም አያወራም። ሰላም ብትለው ራሱን ነቅነቅ ነው መልሱ። እሱን ዝምተኛ ነው ቢፍቱ ወዳ ያገባችው።

የአብስራ በተወለደች ሰሞን ብየዳ ቤቱ ጓሮ ውስጥ ላሜራ እየቀጠቀጠ አንድ ትልቅ ነገር መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ የውሃ ታንከር መስሎን ነበር። በኋላ አፍንጫው ሾለ፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ ቆመ፣ ከወደኋላ ደግሞ አልጋ የምታስገባ ጠባብ ክፍል ተበየደች። ጀልባ ነው! ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። «አንተ ጂራታ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ ልትንሳፈፍ ነው? ሽታው ብቻ ይጨርስሃል!» ያላለው የለም። ልጆቹ ኖኅ የሚል ስም አወጡለት። እኔም «ለኛም ቦታ ያዝልን፣ ዝናቡ ሳይመጣ» እያልኩ አሽሟጠጥኩበት። ፈገግ ብሎ ብየዳውን ቀጠለ።

ጀልባው ለዝዋይ ሐይቅ ነበር። ከደሴቶቹ ሰውና ዓሣ፣ ከዳር ደግሞ ሽንኩርትና ዱቄት ሊያመላልስ። የሌሎቹ ጀልባዎች በሞተር ናቸው፣ ቤንዚን ሲጠፋ ዳር ላይ ተገትረው ይውላሉ። የሱ ግን በሸራ ነው የሚሄደው። «ንፋስ ወረፋ የለውም» አለኝ አንድ ቀን፣ ከሱ አፍ ረጅም ንግግር ሰማሁ ብዬ ገረመኝ። ጀልባውን በትልቅ መኪና አስጭኖ፣ ሚስቱንና ዳዴ የምትል ልጁን ይዞ ሄደ። ቤት አልተከራየም። ኑሮው እዚያው ጀልባው ላይ ሆነ።

ቢፍቱ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ጠላችው። ውሃ ፈርታ ያደገች ሴት ናት። የአብስራን ወገቧን በመቀነት አስራ ከምሰሶው ጋር ታገናኛት ነበር፣ እንደ ጥጃ። ቡታጋዙን ስትለኩስ ድስቱ ይንሸራተታል፣ ልብስ ስታሰጣ ንፋሱ ይወስድባታል፣ ወሬ የምታወራው ጎረቤት የለ። ስልክ ስትደውልልኝ የመጀመሪያው ቃሏ «ዙሌ፣ መሬት ናፈቀኝ» ነበር። «ሁለት እግሬን አንድ ላይ አሳርፌ የቆምኩበት ቀን ጠፋብኝ» ትላለች።

አንዴ ልጠይቃት ሄድኩ። ወላሂ፣ ጠላቴን አይግጠመው! ገና ከዳሩ ፈቀቅ እንዳልን የበላሁትን ሁሉ ለዓሣ ከፍዬ ተጋደምኩ። ጉማሬ ብቅ ሲልማ ያለ የሌለ የቁርኣን ሱራዬን ቀራሁ። የሰው ልጅ ከአፈር ነው የተሠራው፣ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ አሁንም ይሄው ነው አቋሜ።

ግን ያየሁትን ላልክድ፣ ጂራታ እዚያ ሌላ ሰው ነበር። ያወራል! ገመዱን እየሳበ ያወራል፣ መሪውን ይዞ ያወራል፣ ቢፍቱን ስሟን እያቆላመጠ «ቢፌ፣ ነይ እዪ፣ ንፋሱ ሊዞር ነው» ይላታል። የአብስራን ትከሻው ላይ አስቀምጦ የምጽዋን የመርከበኞች ዘፈን ያስዘፍናታል። ቢፍቱ እየሰደበችው ትስቃለች። ሳቋን ደብቃ ወደኔ እየዞረች «እብድ ነው እኮ ያገባሁት» ትለኛለች። ያን ቀን ፊቷ ያበራ ነበር፣ እኔ ግን ማስታወኬ ላይ ነበርኩ።

ነገሩ የተበላሸው የአብስራ ለትምህርት ስትደርስ ነው። ቢፍቱ መሬት እንግባ አለች፣ ጂራታ ትንሽ እንቆይ አለ። እሷ ነገ ስትል እሱ ከነገ ወዲያ ሲል፣ አንድ ቀን ልጇን አዝላ አቃቂ መጣች። በማግሥቱ ሽማግሌ ተጠራ።

ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚጠየቅ እዚህ ሰፈር ሕፃን ልጅም ያውቃል። የምትፈልገውን ብቻ አትጠይቅም። ከፍ አድርገህ ትጠይቃለህ፣ ያኛው ወገን ይለምናል፣ ሽማግሌዎቹ ከወዲህም ከወዲያም ቀንሰው መሃል ላይ ያስታርቃሉ። ቢፍቱ በዋዜማው እዚህችው ሳጥን ላይ ተቀምጣ ሐሳቧን ነግራኛለች። «ትምህርቱ ሲከፈት አቃቂ እንገባለን፣ ክረምት ሲዘጋ ጀልባው ላይ እንሆናለን። ይሄ ይበቃኛል ዙሌ። ግን ይሄንን ከጠየቅኩ የዚህንም ግማሽ ነው የሚሰጡኝ። ስለዚህ ጀልባው ይሸጥ ነው የምለው።» ትክክል ናት፣ ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ግቢዋ ውስጥ ተቀመጡ። ከመካከላቸው ትልቁ የቢፍቱ አጎት ኦቦ ሂርጳ ናቸው። እኔ ብርጭቆ ለማቅረብ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ኦቦ ሂርጳ አስቀድመው ሁለቱንም ቃል አስገቡ፣ ሁለቱም «ከቃላችሁ አንወጣም» አሏቸው። ከዚያ ቢፍቱ ተነሣች።

«ጀልባው ይሸጥልኝ። አቃቂ ገብቶ እንደ ሰው ይኑር» አለች።

ኦቦ ሂርጳ ወደ ጂራታ ዞሩ። «እህ፣ አንተስ ልጄ?»

ሁላችንም ልመናውን ጠበቅን። ኧረ አባቶቼ ይከብደኛል፣ እንጀራዬ ነው፣ ቢያንስ እንዲህ ይደረግልኝ፣ እንዲህ ነው የሚባለው። ጂራታ መሬት መሬት እያየ ቆየ። ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ቢፍቱን አንዴ አያት።

«እሷ ያለችው ይሁን» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ የቀለለ እርቅ ገጥሟቸው አያውቅም። ኦቦ ሂርጳ ደስ ብሏቸው ተነሡና ምርቃቱን ጀመሩ። ቢፍቱ እኔን አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን ታድርግ? ተፈርዶልሽ፣ ተመርቆልሽ፣ ተነሥተሽ ይቀነስልኝ ብትዪ ሽማግሌ መቀለጃ ማድረግ ነው። «አሜን» አለች።

ጀልባውን ዱሬሳ የሚባል የዚያው ሐይቅ ዳር የባቱ ሰው ገዛው። ጂራታ አንዲት ሻንጣ ይዞ በሚኒባስ መጣ። ብየዳ ቤቱን ከፈተ፣ ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ፍርግርግ መሥራት ቀጠለ። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አላኮረፈም። ቢያኮርፍማ መፍትሔ ነበረው፣ አንድ ቀን ይለቀው ነበር። «ቢጮህብኝ እኮ» ትለኛለች ቢፍቱ፣ «አንቺ ነሽ ያስሸጥሽኝ ብሎ አንድ ቀን ቢሰድበኝ!» ቢፌ የሚላትም ቀረ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከገበታ ይነሣል፣ እንደ እንግዳ። እሷ የለመነችው መሬት ላይ ሁለት እግሯን አሳርፋ ቆመች፣ የቆመችው ግን ብቻዋን ነው። ሲያናድድ!

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ዱሬሳ ጀልባውን ሊሸጠው መሆኑን ሰማች። የዚያን ቀን ሱቄ የገባችው እየሮጠች ነው። ከወንድሟ ጋር ተነጋግራ የግዢውን ገንዘብ ዘየደች። ቀጥሎ ኦቦ ሂርጳ ዘንድ ሄደች፣ ቃሉን እንዲፈቱላት። እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ያን ቀን ሙሉውን ፈልጌው አልነበረም» አለቻቸው።

«እኛም ሙሉውን ልንሰጥሽ አልነበረም ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ሲለምን ልንቀንስለት ነበር። የማይለምንን ሰው ምን እናድርገው? ሂጂ፣ ፈትተናችኋል።»

እሑድ ምሳ ላይ ልትነግረው ወሰነች። «አብረሽኝ ሁኚ፣ ብቻዬን አልችለውም» ብላ ለመነችኝና ሄድኩ። የአብስራ ጎረቤት ቤት ልትጫወት ሄዳ ነበር። ቢፍቱ ሰሃኑን እያነሣች ነገረችው። ጀልባው እንደሚሸጥ፣ እንደሚገዙት፣ ሽማግሌው እንደፈቱላቸው፣ ክረምቱን ሦስት ሆነው ሐይቁ ላይ እንደሚከርሙ። ውሃ እንደማትፈራም ነገረችው፣ ውሸቷን ነው።

ጂራታ ጨርሳ እስክትናገር አዳመጣት። ከዚያ አቃቂ ከገባ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ተናገረ።

«ያን ቀን ያልለመንኩት ለምን ይመስልሻል?»

«ሽማግሌዎቹን አክብረህ ነዋ።»

«አንቺን እየጠበቅኩ ነበር። ጀልባው እንዲሸጥ እንደማትፈልጊ አውቅ ነበር። ስትስቂ አይቼሻለሁ እኮ። አሁን ራሷ ትቀንሳለች፣ አሁን ትቀንሳለች ስል ምርቃቱ አለቀ።»

ቢፍቱ ሰሃኑን እንደያዘች ቁጭ አለች። «ይኸው ቀነስኩልህ» አለችው። «አሁን ቀነስኩልህ፣ ጂራታ።»

«አሁንማ ና ብትዪኝ እመጣለሁ። ሸራውንም እሰቅላለሁ። ግን ደስ አይለኝም ቢፍቱ። ከውስጤ ወጥቷል። እንዳታደርጊው፣ በከንቱ ውሃውን ትፈሪያለሽ።»

በቁጣ ቢሆን እኔም አፌን ከፍቼ እመልስለት ነበር። በትሕትና ነው ያለው። ተነሥቶ እጁን ታጠበና ጋደም ሊል ወደ ውስጥ ገባ።

ቢፍቱ ስልኳን አውጥታ ለዱሬሳ ደወለች። ሌላ ሰው ካገኘህ ሽጠው አለችው። ከዘጋች በኋላ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ላጽናናት ብዬ «ተይው አቦ፣ እሱ ራሱ እኮ አፍ ነበረው፣ ለምን አልተናገረም?» አልኩ፣ ንድድ ብሎኝ።

እሷ ግን አልሰማችኝም። «ያውቀኝ ነበር እኮ ዙሌ» አለች። «ከልቤ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።»