የገጣሚው ሚስት ወንበር

ጋሉስት በሕይወት ሳለ ልደቱን ያስታወሰለት ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ ይረሳው ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን ጥቅምት በመጣ ቁጥር አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከዋና ከተማችን ከየሬቫን ይመጣል። መቃብሩ ላይ አበባ ያኖራሉ፣ ግጥሙን ያነባሉ፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ ይርባቸዋል። ሲርባቸው የሚሄዱት ወደ ሚስቱ ወደ ኖየምዛር ቤት ነው።

እኔ ጎረቤቷ ሹሻን ነኝ። ወደዚህ መንደር የተዳርነው በአንድ ዓመት ነው። በመካከላችን ያለው አጥር አጭር ስለሆነ ድካሟን ከግቢዬ ሆኜ አየዋለሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ እንግዳ መጥቶ ሃሪሳ ሳይቀርብለት አይሸኝም። ሃሪሳ ደግሞ ስንዴውና ዶሮው አንድ እስኪሆኑ ድረስ ሲያማስሉት መዋል ነው፤ ለአፍታ ከተዘናጉ ያራል። ኖየምዛር ለሟች ባሏ እንግዶች ስታማስል አንድ ትከሻዋ ዘሞ ቀረ።

ጋሉስት የትምህርት ቤታችን አስተማሪ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር፣ አልዋሽም። ግን ምስማር መምታት የማይሆንለት፣ ላም ስትወልድ ወጥቶ ሰማይ የሚያይ ዓይነት ነበር። ልጆቻችን ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት ግጥሙ «ሥራው ይቆይ፣ እሳቱም ይጥፋ፤ አንድ ጊዜ ከጎኔ ተቀመጪ» ይላል። እንግዶቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ መሐረብ ያወጣሉ።

«ለማን ነው የጻፈው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ለእኔ ነዋ። ሲያነብልኝ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር።»

«እና ተቀመጥሽ?»

«አንቺ ደግሞ! እንጨቱን ማን ይፍለጠው?»

ያን ጊዜ ሳቅን። አሁን ሳስበው አያስቅም።

ሲሞት፣ እንደ ልማዳችን፣ በመቃብሩ ጥቁር ድንጋይ ላይ የሁለቱም መልክ ተቀረጸ፤ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ። ከስሟ ሥር የተወለደችበት ዓመት አለ፣ ቀጥሎ አጭር ሰረዝ፣ ከሰረዙ ወዲያ ባዶ። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ የእኔም መልክ ከባሌ ጎን ሆኖ እየጠበቀኝ ነው። ቀራጩ ግን የሠርጓን ፎቶ ተከትሎ ስለሠራት፣ ድንጋዩ ላይ ያለችው ኖየምዛር ኮረዳ ናት።

ባለፈው ዓመት በዓሉ ሲቃረብ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጠራችኝ።

«ሹሻን፣ ደከመኝ» አለች። የምታማርር ሴት አይደለችም፤ ለዚህ ነው ያስደነገጠችኝ። «እግሬ አልቆምልሽ አለኝ። ከርሞ እዚያው ከተማቸው ያክብሩት። እኔ ብናገር ባሏን ረሳችው ይሉኛል። አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ምላሴ ቢሆን አይታማም።

እንግዶቹ መጡ። የዚያን ዓመት መሪያቸው ኔርሴስ የሚባል፣ ከዚያ በፊት እኛ ዘንድ ረግጦ የማያውቅ ሹም ነበር። ከመቃብሩ ተመልሰው ማዕዱን ከበቡ። እኔ ቂጣውን እያቀረብኩ የምናገርበት ክፍተት ስጠብቅ፣ እነሱ ለአገር ጠጡ፣ ለቋንቋችን ጠጡ፣ ለግጥም ጠጡ። አፌን ልከፍት ስል አንዱ መለኪያውን ይዞ ይነሳል። የእኛ ሰው የእንጆሪ አረቄ ከያዘ ማን ያናግረዋል?

ከዚያ ኔርሴስ ተነሳ። ፊቱን አከበደ፤ ሁላችንም ቆምን።

«አሁን ላለፉት ነው» አለ። «ለታላቁ ጋሉስት፤ በመቃብር እንኳ ከጎኑ ላልተለየችው ለውቢቷ ባለቤቱ ለኖየምዛርም። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።»

ልክ በዚህ ጊዜ ኖየምዛር የሃሪሳውን ገበታ ተሸክማ ገባች።

የመንደሩ ሰው ደርቆ ቀረ። ሰውየው በድንጋዩ ላይ ኮረዳዋን አይቷል፣ ባዶውን ቦታ አላየም። ሽርጥ ያሸረጠችውን ጎባጣ አሮጊት ደግሞ ሠራተኛ ናት ብሏል። ለሞተ ሰው መለኪያ አይጋጭምና፣ ሁሉም መለኪያውን ሳያጋጭ በእጁ እንደያዘ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኖየምዛር ገበታውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከእጄ መለኪያዬን ወሰደችና ኔርሴስን አየችው።

«አፈሩን ገለባ ያድርግላት» አለች። «በጣም ደክሟት ነበር።»

ጨልጣ ጠጣች። ከዚያ ከጋሉስት ፎቶ ሥር ለእሱ ተብሎ ሁልጊዜ ባዶውን የሚተወውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚያ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በሹሙ ጆሮ አንሾካሾከ። የኔርሴስ ፊት ደም መሰለ።

«እማማ… ይቅር ይበሉኝ… እኔ እኮ አላወቅኩም…»

«ተወው ልጄ፣ ቃልህን አትጠፍ። እንደሞትኩ ቁጠረኝ። የሞተ ሰው ሃሪሳ አያማስልም። በል አሁን ጭልፋውን ያዝና ለሰዉ አቅርብ።»

ጭልፋውን ይዞ አቀረበ፤ ግማሹን የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ አፈሰሰው። ስሰናዳበት የሰነበትኩት ንግግር አፌ ውስጥ ቀረ።

ዘንድሮ አውቶቡሱ አልመጣም። በዓሉ ከተማ ውስጥ በአዳራሽ ተከበረ አሉ። እኔ በአጥሩ ተሻግሬ ስሄድ ኖየምዛር ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች።

«አልመጡም አይደል?» አለችኝ።

«አልመጡም።»

«እሰይ» አለች። ፊቷ ግን እሰይ አይልም ነበር። መንገዱን ትንሽ አየችና «ነይ ግቢ። ትንሽ ሃሪሳ ሠርቻለሁ፤ እጄ እምቢ ብሎኝ» አለች።

ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን። አረቄ ቀዳችና ለጋሉስት ጠጣን፤ መለኪያችንን ሳናነካካ፣ በዝምታ። እንባዋ መጣ፣ ጠረገችው። ደግማ ቀዳች።

«ይሄኛው ለእኔ ነው» ብላ መለኪያዋን ወደ እኔ ዘረጋች። «አጋጪው፣ ሹሻን። እንዲሰማ አድርገሽ አጋጪው።»